የወረቀት ጉልተኛው መሐላ

ትናንት ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ዱጋልድ ጋዜጣ እያውለበለበ መጣና፣ «እማማ ግሪዘል፣ አውራጃችን እኮ ተሰረዘ» አለኝ።

መሬቱ የትም አልሄደም፣ ባሕሩም እንዳለ ነው። የተሰረዘው አርድቫን ለብቻው አንድ እንደራሴ መርጦ ለንደን ፓርላማ የመላክ መብቱ ነው። ከእንግዲህ ከተራራው ማዶ ካሉት ጋር ተደባልቀን በአንድ ስም እንመርጣለን። «እንመርጣለን» ስል ወንዶቹን ማለቴ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ደህና ቤት ያላቸውን። ዱጋልድ ደህና ቤት ስላለው ከደስታው ብዛት እኔን ይዞ ሊጨፍር ፈለገ። በዚህ ዕድሜዬ አልጨፍርም አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ያ የቆየ ፍርሃት ከአውራጃው ጋር አብሮ ተሰርዞ እንደሆነ አዳመጥኩ። አልተሰረዘም፣ እንዳለ ነው።

በእኔ ወጣትነት አርድቫን ውስጥ ስድስት ሺህ ያህል ነፍስ ይኖር ነበር። እንደራሴ የሚመርጡት ግን አስራ አራት ሰዎች ነበሩ። ግማሾቹ እውነተኛ ባላባቶች ናቸው። የቀሩት ሰባቱ የሎርድ ኪንካርን የወረቀት ጉልተኞች ነበሩ። ሎርዱ በማዕረጉ ምክንያት ራሱ መምረጥ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ መሬቱን እንደ ዳቦ ቆራረሰና ጉልቱን ለወዳጅና ለዘመድ በወረቀት አደለ፤ አፈሩን፣ ሣሩንና ኪራዩን ግን ለራሱ አስቀረ። ጉልት ያለው ይመርጣል፣ ርስት ያለው ይበላል። ይህን የፈለሰፈው ሰው የት እንደሚቃጠል ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ላይ አውራጃችን ትንሽ ስለነበረች ከተራራው ማዶ ካለችው ከግሌንቫራ ጋር ተራ ትገባ ነበር። አንዱን ፓርላማ እነሱ መርጠው ሲልኩ እኛ ቁጭ ብለን እናያለን፤ ያ ፓርላማ ሲበተን እኛ እንመርጣለን፣ እነሱ ያያሉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ፤ ዓመታት ጦመው የቆዩ ጌቶች ተራው ሲደርስ ሰው አይመስሉም ነበር።

ባሌ ኤነስ ጉልበቱን ጦር ሜዳ ላይ ጥሎ የመጣ ሌተና ነበር፤ ያነክሳል። ቶርቤግ የምትባለውን እርሻ ከሎርዱ ተከራይተን እንኖርባት ነበር። ድንጋይዋ ከእህሏ ይበልጣል፣ ግን ጣሪያዋ አያፈስም፤ እኔም ሌላ ቤት አልፈልግም ነበር። ሦስት ልጆቻችን ከእርሻዋ በታች ባለው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀብረዋል። አንዱ ስም እንኳ አልወጣለትም።

ኤነስ ጉልተኛ የሆነው ከምርጫው ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በመከር ወራት ነው። የሎርዱ ምስለኔ ሚስተር ጊልክሪስት የሕግ ሰው ከከተማ ይዞ መጣና ባሌን ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ረግረግ ወሰደው። እኔም የሚሆነውን ለማየት ጫማዬን አውልቄ ተከተልኳቸው። መሬት ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው በአፈርና በድንጋይ ነው፤ የሕግ ሰውየው አፍንጫውን ይዞ ጎንበስ አለና ጭቃና ጠጠር ዘግኖ ኤነስ መዳፍ ላይ አደረገለት። ከዚያ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ። ኤነስ የዚያ ረግረግና የተራራው ጉልተኛ ሆኗል፤ ርስቱ ግን የሎርድ ኪንካርን ሆኖ ይቀጥላል፤ ሎርዱም ለጉልተኛው በየዓመቱ አንድ ጥንድ ነጭ ጓንት ይገብራል፣ ከተጠየቀ ብቻ።

ይቺን ስንሰማ ሁላችንም ሳቅን። ጊልክሪስት እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«እንግዲህ ኤነስ» አለ፣ «ጌታህ ገባርህ ሆኑልህ። ቀንቶሃል።»

«ብርዱ ሲጠና ጓንቴን እልክባቸዋለሁ» አለ ኤነስ፣ ጭቃውን ሱሪው ላይ እየጠረገ።

እኔም ሳቅኩ። ማታውን ሁሉ «ጉልተኛዬ» እያልኩ ሳሾፍበት አመሸሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እኛ ነን።

በተከታዩ ዓመት መከር ሲደርስ አረገዝኩ። ፓርላማው መበተኑን የሰማን ጊዜ ሆዴ ገፍቶ ነበር፤ በግንቦት እወልዳለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ያው ግንቦት ደግሞ የቶርቤግ የኪራይ ውል የሚያልቅበት ወር ነው። ጊልክሪስት በራችን ላይ ከፈረሱ ሳይወርድ፣ አዲሱ ውል ተጽፎ ማለቁንና ከምርጫው ማግስት እንደሚፈረም ነገረን። ነገሩን ልክ እንደ ደግ ሰው ነበር የተናገረው።

ከዚያ ሌላው ወሬ መጣ። ከሎርዱ ወገን ጋር የሚፎካከረው ሰር ሄክተር ዘንድሮ እያንዳንዱን የወረቀት ጉልተኛ አስምላለሁ ብሏል። ሕጉ ይፈቅድለታል። መራጩ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አንስቶ በእግዚአብሔር ፊት ይምላል፦ ጉልቴ በስም ብቻ ያለ አይደለም፣ እንድመርጥ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም፣ እውነተኛ ንብረቴ ነው፣ ለራሴ ጥቅም እንጂ ለማንም ለሌላ ሰው ጥቅም አይደለም ብሎ። አልምልም ያለ ከመዝገብ ይፋቃል።

ወሬውን ስሰማ ነፍስና ስጋዬ ተላቀቀ። ያን መሐላ አውቀዋለሁ። ባለፈው ተራችን የኤነስ ታላቅ ወንድም ራናልድ ምሏል። ያን ጊዜ እሱም የወረቀት ጉልተኛ ነበር። ከምርጫው መጥቶ በላ፣ ጠጣ፣ «ምላስ አጥንት የለውም» ብሎ ቀለደ። ክረምት ሳይገባ ሁለቱን ልጆቹን የጉሮሮ በሽታ በአንድ ሳምንት ወሰደበት። በሽታው የዚያን ዓመት ብዙ ቤት ገብቷል፣ ያልማሉ ሰዎች ልጆችም ሞተዋል። ይህን ቀን ቀን ለራሴ እነግረው ነበር፤ ቀን ቀን አምነውም ነበር። ራናልድ ግን ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር ሲዘመር አፉን አይከፍትም። ሚስቱ ኡናም ሌላ ልጅ አልወለደችም።

«ኤነስ» አልኩት፣ «ብትምል ይኼን ልጅ አናገኘውም።»

«ባልምልስ?» አለኝ። «ባልምል ጊልክሪስት ውሉን ይቀደዋል። ግንቦት ላይ ከቤት እንወጣለን። የት ልትወልጂው ነው? ቦይ ውስጥ?»

«ቦይ ውስጥ የተወለደም ይኖራል።»

«አንቺ ሦስቱን በአልጋ ላይ ወልደሽ አልኖሩም።»

ይህን ካለ በኋላ ፊቱን አዞረ። እሱም እንደፈራ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚፈራ አይመስለኝም ነበር። መድፍ ፊት የቆመ ሰው ነው። ሁለታችንም መፍራታችን ባሰ፤ አንዱ ሲፈራ ሌላው ነው የሚያጽናናው፣ እኛ ቤት አጽናኝ ጠፋ። ልጁ ሆዴ ውስጥ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አለ እላለሁ፤ ዝም ባለ ቁጥር ሆዴን በጣቴ ጫን ጫን አደርጋለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር እናቴ፤ ልጅ ሳለሁ ይህን አባባል ለምን እንደምትወደው አይገባኝም ነበር።

ቄስ ፋርኳር ዘንድ ሄድኩ። ቄሱ ጨዋ ሰው ናቸው፣ የሚያሳዝነው እሳቸውም ከሰባቱ የወረቀት ጉልተኞች አንዱ መሆናቸው ነው።

«አየሽ ግሪዘል» አሉኝ፣ «የፍርድ ቤት መሐላ እንደ ሰላምታ ያለ ነገር ነው። ደብዳቤ ስንጽፍ 'ታዛዥ አገልጋይዎ' ብለን እንፈርም የለም? ታዛዥም አይደለን፣ አገልጋይም አይደለን። ማንም ዋሻችሁ አይለንም።»

«እጅ ወደ ላይ የሚነሳው ታዲያ ለማነው?» አልኳቸው።

ቄሱ ላሜ ደህና ትታለብ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሆዴን አንዴም ሳያዩ እስከ በር ድረስ ሸኙኝ።

ወደ ቤት ስመለስ በረግረጉ በኩል አለፍኩ። ያ ጭቃ የተዘገነበት ቦታ ላይ ቆሜ፣ ይህ መሬት በእውነት የእኛ ቢሆን ኖሮ ኤነስ ቢምል ምን ችግር አለው ብዬ አሰብኩ። ውሸቱ ያለው መሐላው ላይ አይደለም፤ ውሸቱ ያለው ጉልቱ ላይ ነው። ጉልቱን እውነት ካደረግነው መሐላው እውነት ይሆናል። አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ከአንድ የድሮ ባላባት መሬት ይዞ በየዓመቱ አንድ ሳልሞን፣ ከተጠየቀ ብቻ፣ የሚገብር ሰው ነበር። ሃያ ዓመት ማንም አልጠየቀውም። ከዕለታት አንድ ቀን የባላባቱ ልጅ መጥቶ ጠየቀ፤ አባቴም ወንዝ ወርዶ አጥምዶ ሰጠው። ማታ እናቴን፣ «እስከ ዛሬ መሬቱ የእኔ የሚመስለኝ ነበር፤ አሁን ባለቤት እንዳለው አወቅኩ» አላት። ያልተጠየቀ ግብር የሞተ ነው፤ አንዴ ከተጠየቀና ከተከፈለ ነፍስ ይዘራል።

ቤት ገብቼ ለኤነስ ነገርኩት።

«ሎርድ ኪንካርንን ጓንት አምጡ ልበላቸው?» አለ።

«አዎ።»

«አብደሻል።»

«አላበድኩም፣ ፈርቻለሁ። ያበደ ሰው አይፈራም።»

ከዚያ፣ «አብረሽኝ ትመጫለሽ?» አለኝ።

የምርጫው ቀን ጠዋት የሎርዱ ወገን መራጮች ቁርስ ኪንካርን ግቢ ነበር፤ ከዚያ በልተው ጠጥተው ወደ ፍርድ ቤቱ በሰልፍ ይወርዳሉ። በጋሪ ሄድን። እኔ መጠራቴን የጠየቀ የለም፤ እንዲህ ያለ ሆድ ያላት ሴት ስትመጣ ሰው ወንበር ያቀርባል እንጂ አይከለክልም። ገበታው ላይ የጨው ሥጋ፣ እንቁላል፣ የአጃ ቂጣ፣ ቢራና ውስኪ ተደርድሯል። ቄስ ፋርኳር ከሳህናቸው ቀና አላሉም። ሎርዱ ወፍራም፣ ቀይ፣ ሁልጊዜ የሚስቅ ሰው ነበር፤ እኔን የሚያስፈራኝ ሳቁ ነው። የተቆጣ ጌታ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል።

ኤነስ ከበሩ ላይ ቆመ። ከኋላ በጣቴ ጎኑን ነካሁት።

«ግባ እንጂ ቶርቤግ» አለ ሎርዱ። ተከራይ በአገራችን በእርሻው ስም ነው የሚጠራው። «ምን ትጠብቃለህ?»

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር።»

«ጠይቅ። ዛሬ የጠየቅከው ይሰጥሃል።»

«ጓንቴን» አለ ኤነስ። ድምፁ ቀጠነ። «በጉልቴ ግብር የሚገባኝን አንድ ጥንድ ነጭ ጓንት።»

የቢላዋና የሹካው ድምፅ ቆመ። የወንበሩን ጀርባ ያዝኩ፤ ልጁም ሆዴ ውስጥ ዝም አለ። አሁን «አውጧቸው» ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

ሎርዱ ግን ሳቀ። ገበታው እስኪነቃነቅ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ። የፈረስ ግልቢያ ጓንቱን፣ ነጭ የሚዳቋ ቆዳ ነበር፣ ከቀበቶው መዘዘና በገበታው ላይ ወደ ኤነስ ወረወረው።

«እንካ፣ ጉልተኛዬ። ግብሬን ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠይቅህም።»

ያልሳቀው ጊልክሪስት ብቻ ነው። ምስለኔው ከሎርዱ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። የሕግ ነገር ያውቃል፤ በስድስት ምስክር ፊት የተጠየቀና የተከፈለ ግብር ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል።

«ጌታዬ፣ ቀልዱ ይቅርብን» አለ ዝቅ ብሎ። «ይመልሰው።»

«ለምን ይመልሳል?»

«እባክዎ፣ ጌታዬ።»

«ጊልክሪስት፣ ኪንካርን የሰጠውን መልሶ ሲቀበል አይተህ ታውቃለህ?» አለ ሎርዱ። አሁን አይስቅም ነበር። «ብሉ፣ ረፈደ።»

ኤነስ ጓንቱን አንስቶ ያዘው። ከቤቱ ስንወጣ ኤነስ ጋሪውን ሊያመጣ ሄደ፤ እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጊልክሪስት ተከትሎኝ ወጣ፣ አጠገቤ ቆሞ የኮቱን ቁልፎች ቀስ ብሎ ቆላለፈ።

«ጥሩ አድርገሻል፣ ወይዘሮ ግሪዘል» አለኝ። «አሳቡ ያንቺ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ባልሽ ይኼ አይመጣለትም። የቶርቤግ ውል እዚህ ኪሴ ውስጥ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሰው ጓንት ውስጥ መውለድ ይችላል?»

ተነስቼ ወደ ጋሪው ሄድኩ።

ፍርድ ቤቱ ከዓሣ ገበያው በላይ ያለች አንዲት ጠባብ አዳራሽ ናት። ሴቶች ከበሩ አጠገብ ካለው ደረጃ ላይ ቆመው ማየት ይችላሉ። አስራ አራቱ መራጮች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ፤ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ቆመ። ሰር ሄክተር፣ ቀጭን፣ ከንፈረ ስስ ሰው፣ እንዳለው አደረገ። የወረቀት ጉልተኛ ስም በተጠራ ቁጥር፣ «ይማልልኝ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም።

መጀመሪያ የተጠሩት አንድ ሽማግሌ የመርከብ ካፒቴን ነበሩ። ተነሱ፣ እጃቸውን ግማሽ መንገድ አነሱና መልሰው አወረዱት። «አልምልም። ባሕር ላይ ብዙ ዕዳ አለብኝ፣ ሌላ አልጨምርም» ብለው ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ስማቸው ተፋቀ። ቄስ ፋርኳር ወለሉን እያዩ ማሉ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ማሉ። እያንዳንዱ እጅ ሲነሳ፣ ልጆቻቸውን በስም ስለማውቃቸው፣ ልጆቻቸው ናቸው ፊቴ የሚመጡት።

ኤነስ በመዝገቡ የመጨረሻው ነበር። ጓንቱን በግራ እጁ ይዞ ቀኙን አነሳ። ድምፁ ጠዋት እንደነበረው አልቀጠነም። ቃሉን በሙሉ፣ «እውነተኛ ንብረቴ ነው፣ ለራሴ ጥቅም እንጂ ለማንም ለሌላ ሰው ጥቅም አይደለም» እስከሚለው ድረስ ጥርት አድርጎ ማለ። ያን ሰዓት ሰማይ የተከፈተ መሰለኝ። ጉልቱ እውነት ነው፣ ግብሩ ተከፍሏል፣ አልዋሸም። ልጄ ተረፈ አልኩ። ከአጠገቤ ያለችውን ዓሣ ሻጭ ክንዷን ይዤ ስጨምቃት፣ «ምነው፣ ያዘሽ እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ድምፅ መስጠቱ ተጀመረ።

የሎርዱ ወገን እጩ የወንድሙ ልጅ ኮሎኔል አላስተር ነው። ሌላው ራሱ ሰር ሄክተር። ጸሐፊው ስም እየጠራ እያንዳንዱ የሚመርጠውን ይናገራል። ስድስት ለኮሎኔሉ፣ ስድስት ለሰር ሄክተር ሆነና የኤነስ ስም ተጠራ።

ሞኝነቴ ያን ጊዜ ገባኝ። መሐላው እጅ ሲወርድ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ነው የሚጀምረው። ለራሴ ጥቅም እንጂ ለማንም ብሎ የማለ ሰው አሁን አፉን ይከፍታል፤ የሚናገረው የማን ቃል ነው? ለሎርዱ ብሎ ኮሎኔሉን ቢመርጥ ጓንቱም፣ መሐላውም ውሸት ነው። መሐላውን እውነት ለማስመሰል ብሎ ሰር ሄክተርን ቢመርጥ ያም ውሸት ነው፤ ኤነስ ሰር ሄክተርን ይንቀዋል፣ ተከራዮቹን እንደ ውሻ የሚያባርር ሰው ነው። ኮሎኔል አላስተር ደግሞ ጉልበቱ የተመታ ቀን ኤነስን በጀርባው ተሸክሞ ያወጣ አለቃው ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ካሉት ሁሉ የተሻለው ሰው እሱ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። እውነተኛው ምርጫና የተገዛው ምርጫ አንድ ስም ሆነዋል። ከውጭ የሚለየው የለም።

ኤነስ ቀና ብሎ እኔን ፈለገ። አገኘኝ። ፊቴን አየ፣ ቀጥሎ ሆዴን አየ። ጊልክሪስት ግድግዳውን ተደግፎ በመዳፉ የደረት ኪሱን ይደባብሳል።

«ኮሎኔል አላስተር» አለ ኤነስ።

ጭብጨባ ሆነ። ሎርዱ ውጭ በጋሪው ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ነበር፤ ኤነስን አቅፎ፣ «ቶርቤግ፣ ለአፍታም አልተጠራጠርኩህም» አለው። ኮሎኔሉም እጁን ጨብጦ ስለ ጉልበቱ ጠየቀው። ደግ ሰው ነው አልኩ እኮ።

ጋሪው ከከተማው ወጥቶ የባሕሩን ዳር ያዘ።

«ለማን ብለህ ነው?» አልኩት።

«ኮሎኔሉ ደህና ሰው ነው።»

«ደህና ሰው መሆኑን አውቃለሁ። እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

ፈረሱን አቆመ። ልጓሙን ጭኑ ላይ አድርጎ እጆቹን አያቸው።

«አላውቅም» አለኝ። «እምልልሻለሁ ማለት እንኳ አልችልም አሁን። እጄን ሳነሳ የራሴ ነበር፣ ግሪዘል። ስሜ ሲጠራ ኮሎኔሉን አሰብኩ፤ ከዚያ አንቺን አየሁ፣ ቤቱን አየሁ፣ ያን የጊልክሪስትን ኪስ አየሁ። ከዚያ ስሙ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ማን እንደተናገረው ግን አላውቅም።»

አለቀስኩ። እሱም ፈረሱን ነዳ። ኤነስ ውሸታም ቢሆን ኖሮ «ለህሊናዬ ነው» ይለኝና እኔም አምኜው እተኛ ነበር። ከሐቀኛ ሰው ጋር መኖር እንዲህ ነው የሚያደክመው።

በማግስቱ ጊልክሪስት ቃሉን ጠብቆ መጣ። ውሉን ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋው፣ የራሱን ብዕርና ቀለም አወጣ። አስራ ዘጠኝ ዓመት፣ በድሮው ኪራይ፤ ጣሪያውንም ሎርዱ ያሳድሱልናል። እንዲህ ያለ ውል በአርድቫን ማንም አግኝቶ አያውቅም። ኤነስ ብዕሩን ያዘ። ግድግዳውን ዞሬ አየሁት፣ በራሴ እጅ ኖራ የቀባሁትን። አልጋውን አየሁት። እንዲያ የፈራሁበት ጊዜ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

«አትፈርም» አልኩት።

ኤነስ ብዕሩን እንደያዘ ቀና አለ።

«ምን?» አለ ጊልክሪስት።

«አይፈርምም። ግንቦት ላይ ቤቱን እንለቃለን።»

«ወይዘሮ ግሪዘል፣ ያስወጣሽ ሰው እኮ የለም። ባልሽ የሚገባውን አደረገ፣ ጌታዬም ተደሰቱ፣ እኔም የትናንት ማለዳውን ነገር ረስቼዋለሁ። ማንም ሳያስወጣችሁ ለምን ትወጣላችሁ?»

«ማንም ስላላስወጣን ነው» አልኩት። «ቤቱን ከወሰድን ባሌ ቃሉን ለሎርዱ ሸጦ በላ ማለት ነው። ካልወሰድነው የተናገረው የራሱን ነው። ጥቅሙ ለማን እንደሆነ መሐላው ይጠይቃል፤ እኛ ጋ ከሎርዱ የመጣ ጥቅም አይገኝም።»

«ይኼ የሴት ወሬ ነው፣ ኤነስ። ፈርም።»

ኤነስ ብዕሩን ቀለሙ አጠገብ አስቀመጠው። ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ ነው፤ ከምርጫው ወሬ ወዲህ አይቼው የማላውቀው። ጊልክሪስት ውሉን ጠቀለለና ለቀጣዩ ተከራይ ስሙን ብቻ መለወጥ እንደሚበቃ ነገረን። በሩን ሲዘጋ አልጋው ላይ ተቀምጬ ኖራ የቀባሁትን ግድግዳ በመዳፌ ዳሰስኩ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ላሟን፣ ድስቱንና አልጋውን ጋሪ ላይ ጭነን ወጣን። የሚያስጠጋን ቤት የራናልድና የኡና ብቻ ነበር። ኡና ልጆቿ የሞቱበትን ክፍል ጠርጋ አነጠፈችልኝ፤ ሌላ ክፍል የላቸውም። እዚያ ተኝቼ ምጡን ስጠብቅ ጣሪያው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ወራጅ እንጨት ሁለቱ ልጆች ሲያዩት የነበረ ነው እያልኩ አስብ ነበር። ራናልድ ከበሩ ውጭ ሲመላለስ ኮቴው ይሰማኝ ነበር። የፈራነው ሁላችንም አንድ ነገር ነው፣ ማንም ግን አልተናገረውም።

ሴት ልጅ ወለድኩ። መጀመሪያ ዝም አለች። ኡና ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፣ ገለበጠቻት፣ እንደገና መታቻት። ከዚያ ልጅቷ አለቀሰች። ኤነስ ገብቶ ጉልበቱን እንኳ ረስቶ መሬት ላይ ተንበረከከ። ኮስታራዋ ኡና ያቀፈቻትን ልጅ ለእኔ ለመስጠት ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

ኤነስ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ የሰው እርሻ ላይ በቀን ሠራተኝነት ኖረ። ጉልቱን በወረቀት መልሶ ለሎርዱ ሰጠ፤ ሌላ ሰው ተሾመበት። ያንን የጠየቅኩትን ጥያቄ ደግሜ አልጠየቅኩትም፣ እሱም ያወቀው ነገር ቢኖር አልነገረኝም። ቤቱን መተዋችን ይበቃ እንደነበር፣ ወይስ ከአፉ የወጣው ስም አስቀድሞ በሰማይ ተመዝግቦ እንደነበር፣ ማን ይንገረኝ? ልጄ ማርሳሊ ዛሬ ሃምሳ ልትሞላ ምንም አልቀራት፤ ወፍራም፣ ተሳዳቢ፣ የልጅ ልጅ ያላት ሴት ናት። ትናንት ዱጋልድ ከሄደ በኋላ ወጥ ልታመጣልኝ መጣችና በሩ ላይ ሳል ያዛት። ከወንበሬ ተነስቼ እስክታቆም ድረስ ቆሜ ጠበቅኩ።